የውድድር መኪና የሆድ ሙቀት መከላከያ አገጣጠም፦ ሚያታ 1.8፣ የካምቢዮ ዋሻ

#1 ባለሚያታ

ሰላም ለሁላችሁም። መኪናው የ1999 ማዝዳ ሚያታ ኤንቢ፣ ባለ 1.8 ሞተር፣ ለሰርኪት ብቻ የሚነዳ ነው። ምንጣፉም፣ ፋብሪካው ወለሉ ላይ የለጠፈው የሬንጅ ድምፅ ማፈኛም ተነስቶ ወለሉ ባዶ ላሜራ ሆኗል። ካታሊስቱ (የጭስ ማጣሪያው) ወጥቶ ከሄደሩ (ከሞተሩ የሚወጡት የጭስ ቱቦዎች ከሚገናኙበት) እስከ ማርሚታው ድረስ 63 ሚሊ የስቴንለስ ቱቦ በካምቢዮው ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ቱቦው ከበፊቱ ስለሚወፍር የፋብሪካው መከላከያዎች አልገጥም ብለው ተፈተዋል።

ከ20 ደቂቃ ሩጫ በኋላ በዋሻው ግድግዳ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ከፔዳሎቹ ትንሽ ወደኋላ የተለጠፈው የሙቀት ስቲከር እስከ 110 ዲግሪ ጠቁሮ ይገኛል። ከቱቦው እስከ ዋሻው ላሜራ ያለው ክፍተት ጠባቡ ቦታ ላይ 28 ሚሊ፣ ሰፊው ላይ 60 ሚሊ ነው። መሸፈን ያለበት ርዝመት 1100 ሚሊ፣ ስፋቱ የዋሻውን ቅርጽ ተከትሎ ሲለካ 350 ሚሊ ይሆናል።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ከሥር የሚለጠፍ ባለ ፎይል ምንጣፍ ይሻላል ወይስ በቡለን የሚታሰር ላሜራ? ላሜራ ከሆነስ ከምን፣ በስንት ሚሊ? ወይስ ቱቦውን በሙቀት ፋሻ ጠቅልዬ መከላከያውን ብተወው ይበቃል?

#2 ላሜራ_ቤት

በመጀመሪያ ሙቀቱ በየት በኩል እየመጣ እንደሆነ እንለይ። ቱቦውና ወለሉ አይነካኩም፤ ስለዚህ አብዛኛው ሙቀት የሚሻገረው በጨረር ነው። ጨረር ደግሞ ከቱቦው ሙቀት ጋር እኩል አይጨምርም፤ በኬልቪን ተሰልቶ በአራተኛ ኃይል ነው የሚያድገው። የቱቦው ገላ ከ500 ወደ 700 ዲግሪ ሲወጣ ወደ ወለሉ የሚልከው ጨረር 2.5 እጥፍ ይሆናል። የአንተ መኪና ላይ ከሄደሩ መጋጠሚያ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው 40 ሴንቲ ከቀረው ርዝመት ሁሉ በላይ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ጨረርን የሚመልሰው የፊቱ አንጸባራቂነት እንጂ ውፍረት አይደለም። ንጹሕ አልሙኒየም ከሚያርፍበት ጨረር 90 ከመቶ በላይ መልሶ ይልካል፤ የዛገ ወይም ቀለም የተቀባ ብረት ግን አብዛኛውን ይውጠዋል። መከላከያው ራሱ ትንሽ መሞቁ አይቀርም፤ ያንን ሙቀት ወለሉ ጋ እንዳይደርስ የሚያደርገው ከጀርባው ያለው አየር ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ውፍረት ላይ ያፈሳል፤ ክፍተቱን ግን ይዘነጋል። ወለሉ ላይ ተጣብቆ የታሰረ 2 ሚሊ አልሙኒየም 10 ሚሊ አየር ከጀርባው ካለው ግማሽ ሚሊ አልሙኒየም በጣም ያንሳል።

ጠባቡ ቦታ ላይ ያለህን 28 ሚሊ እንዲህ ክፈለው፦ ከወለሉ 10 ሚሊ አየር፣ ለላሜራው ከነጉብታው 2 ሚሊ፣ የቀረው 16 ሚሊ ለቱቦው። ከ12 ሚሊ በታች አትውረድ። ሞተሩ በታሰረባቸው ላስቲኮች ላይ ይወዛወዛል፤ ቱቦውም ሲሞቅ ይረዝማል። 1.5 ሜትር የስቴንለስ ቱቦ 500 ዲግሪ ሲጨምር 13 ሚሊ ያህል ይረዝማል፤ ቀዝቅዞ ሳለ ያለፈው ቱቦ ሲሞቅ መከላከያውን ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ፍላንጅና የቱቦ ማጠፊያ ባለበት ቦታ ወደኋላ 15 ሚሊ ተጨማሪ ነፃ ቦታ አስብ።

ላሜራውን ሁለት ቁራጭ አድርገው። ለመጀመሪያው 400 ሚሊ 0.4 ሚሊ ስቴንለስ፣ ለቀረው 700 ሚሊ ደግሞ ጉብ ጉብ ያለ 0.5 ሚሊ አልሙኒየም። አልሙኒየም የሚቀልጠው 660 ዲግሪ ላይ ቢሆንም ከ200 ካለፈ ጀምሮ ጥንካሬው ይወርዳል፤ ሄደሩ አጠገብ በየጊዜው እየሞቀና እየተንቀጠቀጠ ቡለን ቀዳዳው ላይ ይቀደዳል። በካሬ ሜትር አልሙኒየሙ 1.35 ኪሎ፣ ስቴንለሱ 3.2 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ሁለቱ ተደምረው ከነማሰሪያቸው ወደ 1 ኪሎ ይጠጋሉ።

አሠራሩ፦ መኪናውን በክሪክ አንስተህ በአራት ካቫሌቶ ላይ አስቀምጥ፤ ቱቦው ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ቱቦውን ፍታ፤ ቱቦው እንደታሰረ የሚለካ ሰው አሥር ሚሊ ይስታል። ካርቶን ዋሻው ውስጥ ተጭኖ ቅርጹን ይያዝ፤ የቡለን ቦታዎች፣ የካምቢዮ ማሰሪያው፣ የፍሬንና የቤንዚን መስመሮች በሙሉ ካርቶኑ ላይ ይሳሉ። ከዚያ ቱቦውን መልሰህ ካርቶኑን እንደያዘ ክፍተቱን ለካ። ላሜራው ላይ ስትገለብጠው በየዙሪያው 10 ሚሊ ጨምር፤ ያ ትርፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ ጠርዙን ድርብ ያደርገዋል። ያልታጠፈ ጠርዝ ይርገበገባል፣ ይሰነጠቃል፣ እጅም ይቆርጣል። ጠርዙ አቅጣጫ በሚቀይርበት ማዕዘን ላይ ከመቁረጥህ በፊት 5 ሚሊ ቀዳዳ በትራፓኖ ብሳ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ሹል ማዕዘን ላይ ነው።

ማሰሪያው የፋብሪካው መከላከያ የነበረባቸው ቦታዎች ካሉ እነሱ ይሁኑ። ለቀረው ኤም6 ሪቬት ዳዶ (ላሜራ ላይ እንደ ሪቬት ተመትቶ 6 ሚሊ ቡለን የሚቀበል ዳዶ)፣ ቀዳዳው 9 ሚሊ። ከመብሳትህ በፊት በውስጥ በኩል ምን እንዳለ እይ፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ዋሻው ላይ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። የተበሳው ጠርዝ ላይ ፀረ ዝገት ቀለም ቀብተህ ሪቬቱን ምታ። በየ170 ሚሊ አንድ፣ በሁለቱም ጎን፣ በድምሩ 14 ቡለን ይበቃል። የፊተኛው ጠርዝ ላይ ግን ወደ 90 ሚሊ አጥብበው።

#3 ቀይ_ኮን

ላሜራ_ቤት ያለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሚያታ ላይ የሚሰማው ሙቀት ሁሉ ከጭስ ቱቦ አይመጣም። በማርሽ ዘንጉ ሥር ሁለት ላስቲክ አለ፤ ታችኛው የካምቢዮውን ማማ (ማርሽ ዘንጉ የሚገባበትን ከፍ ያለ ክፍል) ይዘጋል፣ ላይኛው ዋሻውን ከውስጥ ክፍል ይለያል። ሁለቱም ያረጃሉ፣ ይቀደዳሉ። ላይኛው ከተቀደደ የዋሻው ትኩስ አየር በቀጥታ ወደ ሾፌሩ ይወጣል፤ የቱንም ያህል ጥሩ መከላከያ ብትሠራ አየሩን አያቆመውም። ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ ከሆነ ደግሞ ማማው የራሱ ትንሽ ዘይት ስላለው ታችኛው ሲቀደድ ያ ዘይት ይወጣል፤ ማርሹም ይጠጥራል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ መሃል ያለውን ፕላስቲክ አንሳ፣ ከሥር መብራት አብራ፣ ከላይ ብርሃን የሚገባበትን ቦታ ፈልግ። ድምፅ ማፈኛው ሲነሳ አብረው የወጡ የወለል የላስቲክ ክዳኖችም ይኖራሉ። የሚዘጉት በአልሙኒየም ቴፕ ሳይሆን በላሜራ ክዳንና ሙቀት በሚችል ሲሊከን ነው።

#4 ቴርሞኮፕል

110 ዲግሪ የሚለው ቁጥር ጠቃሚ ነው፤ ግን አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ከሥራው በፊትና በኋላ ማነጻጸር ካልተቻለ መከላከያው ምን ያህል እንደረዳ አይታወቅም። አራት ስቲከር ለጥፍ፦ የዋሻው ግድግዳ ላይ አሁን ባለበት ቦታ፣ ከሥር የፍሬን ቱቦው ለጭስ ቱቦው በጣም በሚቀርብበት ቦታ፣ የቤንዚን መስመሩ ላይ፣ እና ከተገጠመ በኋላ የመከላከያው ጀርባ ላይ። የፍሬን ዘይቱ ለምን እንደሚያሳስብ ቁጥሩ ይናገራል፤ ዶት 4 አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ወደ 155 ይወርዳል።

በእጅ የሚያዝ የኢንፍራሬድ መለኪያ ለምትጠቀሙ፦ አንጸባራቂ ላሜራ ላይ ስታነጣጥሩት የሚያነበው በላሜራው ላይ የሚንጸባረቀውን የአካባቢውን ሙቀት ነው። 180 ዲግሪ የሞላው አልሙኒየም 60 ብሎ ሊያሳያችሁ ይችላል። የሁለት ጣት ስፋት ያህል ሙቀት በሚችል ደብዛዛ ጥቁር ቀለም ቀቡና እሱ ላይ ብቻ አነጣጥሩ። ጥቁሩ ነጥብ ከቱቦው በተቃራኒ በኩል ይሁን፤ ወደ ቱቦው ባለው ፊት ላይ ከሆነ ሙቀት ይውጣል።

ሌላው፣ ትልቁ ሙቀት የሚመዘገበው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። ሲሮጥ ከሥር የሚያልፈው አየር ያቀዘቅዘዋል፤ ሲቆም አየሩ ይቆማል፣ ቱቦው ግን ገና እንደነደደ ነው። ከቆመ በኋላ ባሉት 5 እስከ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ወለሉ ከሩጫው ጊዜ በላይ ይወጣል። ስለዚህ በመጨረሻው ዙር ቀስ ብሎ መንዳት ከብዙ ምንጣፍ የሚበልጥ ሥራ ይሠራል፤ ቆሞም ኮፈኑ ይከፈት።

#5 ዲኤክስ_70

ሰላም ከአዲስ አበባ። እዚህ ለአቧራ መንገድ የሚዘጋጅ የኮሮላ ዲኤክስ አካል ላይ ተመሳሳይ ሥራ ይዘናል። ጉብ ጉብ ያለው አልሙኒየም በሱቅ እንደ ልብ አይገኝም። የ32 ጌጅ የጣሪያ ቆርቆሮ ብንጠቀምስ? ሲገዛ እንደ መስታወት ያበራል።

#6 ላሜራ_ቤት

ቆርቆሮው የሚያበራው በላዩ ባለው ዚንክ ነው። ዚንኩ እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ይደበዝዛል፣ ይላላጣል፤ 420 ላይ ደግሞ ራሱ ዚንኩ ይቀልጣል። ከደበዘዘ በኋላ ጨረሩን መመለሱን ትቶ መዋጥ ይጀምራል፤ ከሥሩ ያለው ብረትም ይዝጋል። ከሁሉ በላይ በፍጹም አትበይዱት፤ የዚንክ ጭስ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል።

እናንተ ጋ የተሻለ መንገድ አለ። ሱማሌ ተራ ከተጋጩ መኪኖች የሚፈቱ የፋብሪካ ሙቀት መከላከያዎችን ጠይቁ። ከ2000 ወዲህ የተሠሩ ብዙ መኪኖች በማርሚታውና በሰልባትዮው (በቤንዚን ታንኩ) መካከል ሰፊ፣ ጉብ ጉብ ያለ አልሙኒየም ይዘዋል፤ አንዳንዱ ድርብ ነው። ስትመርጡ የቡለን ቀዳዳዎቹን በጣት ዳስሱ፤ በተሰነጠቁት ዙሪያ ያለውን ቆርጣችሁ ጣሉ። በእጅና በላስቲክ መዶሻ ይታጠፋል፤ በብረት መዶሻ ጉብታው ከተደፈጠጠ ላሜራው ይላላና ይርገበገባል። እሱ ከጠፋ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ያለው ተራ አልሙኒየም ይሠራል፤ ክብደቱ ይጨምራል እንጂ ለጠጠር መንገድ እንዲያውም ይሻላል።

#7 ቴርሞኮፕል

ለዲኤክስ_70፣ ከፍታውንም አስቡ። በ2400 ሜትር አካባቢ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ከ20 ከመቶ በላይ ይሳሳል። የሳሳ አየር ከሥር ሲያልፍ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል፤ ጨረሩ ግን በአየሩ መሳሳት አይቀንስም። ስለዚህ ዝቅተኛ አገር ላይ በ8 ሚሊ ክፍተት የሚበቃው መከላከያ እናንተ ጋ 12 ቢሆን ይመረጣል።

#8 ጠጠር_መንገድ

የአቧራ መንገድ መኪና ከሰርኪቱ በሁለት ነገር ይለያል። አንዱ ድንጋይ ነው፤ ዝቅ ብሎ የሚታየው የመከላከያ ክፍል ከ1 ሚሊ አይነስ፣ ከፊቱም የካምቢዮ መከላከያ ብረቱ ይቅደመው። ሁለተኛው ሣርና ጭድ ነው፤ ይህ በቁም ነገር መታየት አለበት። በመከላከያውና በቱቦው መካከል የተጠቀጠቀ ደረቅ ሣር መኪናው ሲቆም ይቀጣጠላል። ስለዚህ መከላከያው ጎኑ እንደ ሳጥን የተዘጋ አይሁን፤ ሁለቱም ጫፍ ክፍት ሆኖ እጅ ወይም የአየር ቱቦ ይግባበት። በየቀኑ ሩጫው ሲያልቅ ይነፋ። ጭቃና ውኃ እንዲወርድ ዝቅተኛው ነጥብ ላይ 6 ሚሊ ቀዳዳ በየ20 ሴንቲው ይበሳ። የደረቀ ጭቃ ክፍተቱን ከሞላው የአየሩ ጥቅም ይቀራል፤ ሙቀቱ በጭቃው ውስጥ ቀጥታ ወደ ወለሉ ያልፋል።

ማርሚታው ከሰልባትዮው አጠገብ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ሁለት ንብርብር አድርጉ፤ በመካከላቸው 6 ሚሊ አየር። ቤንዚን ከ40 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ቀለል ያሉት ክፍሎቹ ይተናሉ፤ ፓምፑ ከቤንዚን ይልቅ እንፋሎት መሳብ ከጀመረ ሞተሩ ይታነቃል።

#9 ቶርኖ_ቤት

ስለ ቡለኑ አንድ እርማት አለኝ። ላሜራ_ቤት በየ170 ሚሊ ማሰሩን ጽፏል፤ ላሜራው ሲሞቅ የት እንደሚሄድ ግን አልጻፈም። 700 ሚሊ አልሙኒየም 150 ዲግሪ ሲጨምር 2.4 ሚሊ ይረዝማል። በሁሉም ቡለን ጠብቆ ከታሰረ መሄጃ ስለሌለው መሃል ላይ ወደ ቱቦው ይጎብጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ይህ ሲደጋገም ቀዳዳው ዙሪያ ይሰነጠቃል። ለመከላከያ መሰንጠቅ ከሁሉ የበዛው ምክንያት ይህ ነው። ብዙዎች ግን ንዝረቱን ይወቅሳሉ፤ ወፍራም ላሜራ ይገዛሉ፤ ወፍራሙም ይሰነጠቃል።

መፍትሔው በየቁራጩ አንድ ክብ ቀዳዳ ብቻ፣ ያም መሃል ላይ፤ ሌሎቹ ሁሉ በመኪናው ርዝመት አቅጣጫ የተዘረጉ ሞላላ ይሁኑ። ሞላላው ብቻውን ግን አይበቃም፤ ቡለኑ ላሜራውን ጨምቆ ከያዘው ቀዳዳው ቢረዝምም አይንሸራተትም። ስለዚህ ከስቴንለስ ባለ ደረጃ ቡሽ (ቡለኑ በውስጡ የሚያልፍበት አጭር ቱቦ) በቶርኖ ይሠራ። ወፍራሙ ክፍል 12 ሚሊ ዲያሜትር፣ 10 ሚሊ ርዝመት፤ ይህ የአየሩን ክፍተት ይጠብቃል። ቀጭኑ ክፍል 8 ሚሊ ዲያሜትር፣ 2 ሚሊ ርዝመት፤ ይህ በላሜራው ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል። ጠርዙ ስለታጠፈ ላሜራው እዚያ ላይ 1 ሚሊ ይሆናል፤ የቀረው 1 ሚሊ ላይ ቀጭን ሞገድ ሮንዴላ (እንደ ሞላ የሚገፋ የተወላገደ ሮንዴላ) ይግባ። ከላይ 25 ሚሊ ሰፊ ሮንዴላ፣ ከዚያ ቡለኑ። ቡለኑ በቡሽ ላይ ይጠብቃል፣ ላሜራው ግን በሞገዱ ሮንዴላ ተይዞ ይንሸራተታል፤ አይንኳኳም። ሞላላው 8.5 በ12 ሚሊ፣ ክቡ 8.2።

ቡሹን ከስቴንለስ እንጂ ከአልሙኒየም አትሥሩ፤ አልሙኒየም ከስቴንለስ ከ10 ጊዜ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል፤ 14 የአልሙኒየም እግር ለሙቀቱ 14 መንገድ መክፈት ነው።

መጥበቂያው 5 ኒውተን ሜትር ነው። ለኤም6 ቡለን 10 ይባላል፤ እሱ ግን ለሙሉ ዳዶ ነው። ቀጭን ላሜራ ላይ ያለ ሪቬት ዳዶ በዚያ ይዞራል፤ ከዞረ በኋላ ደግሞ ማውጣቱ ከመግጠሙ የከፋ ሥራ ነው።

#10 ላሜራ_ቤት

የቡሹን ነገር እቀበላለሁ፤ እንዲያውም ለፊተኛው የስቴንለስ ቁራጭም ይሁን። ሁለቱ ቁራጮች የሚደራረቡበትን ግን ልግለጽ። 30 ሚሊ ይደራረቡ፤ የፊተኛው ከኋለኛው በታች፣ ማለት ወደ አስፋልቱ በኩል ይሁን። ከፊት የሚመጣው አየር የኋለኛውን ጫፍ እንዳያገኘው ነው፤ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ሲደረደር ዝናቡ በሚወርድበት አቅጣጫ እንደሚደራረበው ማለት ነው። በመደራረቢያው ላይ ሁለቱን በሪቬት አትስፏቸው፤ ስቴንለሱና አልሙኒየሙ በተለያየ መጠን ስለሚረዝሙ በአንድ ቡሽ ላይ በሞላላ ቀዳዳ ይንሸራተቱ። እዚያ ቦታ ላይ ላሜራው ድርብ ስለሚሆን የቡሹ ቀጭን ክፍል 3 ሚሊ ይሁን።

#11 ባለሚያታ

ጋሽ ላሜራ፣ ቶርኖ_ቤት፣ ሁላችሁም፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ስለ ለጣፊው ምንጣፍና ስለ ፋሻው ግን ገና መልስ አላገኘሁም። ሻጩ ምንጣፉ 1000 ዲግሪ ይችላል ይላል።

#12 ቀይ_ኮን

1000 የተባለው የውስጡ ጭረት ቢሆን ነው። ሲሊካ ከሆነ በእርግጥ ወደዚያ ይጠጋል፤ ተራ የመስታወት ጭረት ግን 540 ገደማ ላይ ያበቃል። ዋናው ጉዳይ ማጣበቂያው ነው፤ ማጣበቂያው ከጭረቱ በጣም ቀድሞ ይለቃል። ሻጩን የማጣበቂያውን ሙቀት ብቻ ጠይቀው፤ ቁጥሩ ካልተጻፈ አትግዛ። መኪናው ሆድ ላይ ደግሞ ምንጣፉ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። አንድ ጥግ ከለቀቀ አየሩ ይገባበታል፤ ቀጥሎ ቱቦው ላይ ይወድቃል።

ሌላም አለ። ምንጣፍ ዘይት ይጠጣል። ከካምቢዮ ወይም ከዲፈረንሻል የሚንጠባጠብ ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ ፎይሉ በተቆረጠበት ጠርዝ በኩል ገብቶ እዚያው ይቀመጣል። የተቆረጠ ጠርዝ ሁሉ በአልሙኒየም ቴፕ መታሸግ አለበት፤ ዘይት የነካው ምንጣፍ አይታጠብም፣ ይጣላል። ላሜራ ግን በጨርቅ ይጠረጋል። እኔ ምንጣፉን የምደግፈው በውስጥ በኩል፣ ከሾፌሩ እግር ሥርና ከመቀመጫው ጎን ነው፤ ያውም መከላከያው ከተገጠመ በኋላ ስቲከሩ ከ70 በላይ ካሳየ። ወለሉን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርገህ፣ የሬንጅ ቅሪት ፈጽሞ ሳይቀር፣ በሮለር ጫን። ሬንጅ ላይ የተለጠፈ ሁሉ ከሬንጁ ጋር ይወርዳል።

#13 ቶርኖ_ቤት

ስለ ፋሻው፦ ይሠራል፣ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሙቀቱን ቱቦው ውስጥ ስለሚያስቀረው የቱቦው ብረት ራሱ ይበልጥ ይሞቃል፤ ስንጥቅ ሲጀምርም ፋሻው ይሸፍነዋል። የተራ ብረት ቱቦ ከሆነ ፋሻው እርጥበት ይዞ ያበሰብሰዋል። የአንተ ስቴንለስ ስለሆነ ይችላል። የምመክርህ መጀመሪያ መከላከያውን ብቻ ግጠም፣ ለካ፤ ካልበቃ የመጀመሪያውን 400 ሚሊ ብቻ ጠቅልል። 50 ሚሊ ስፋት ያለው ፋሻ 12 ሚሊ እየተደራረበ 63 ሚሊ ቱቦ ላይ ሲጠቀለል ለአንድ ሜትር ቱቦ 5.2 ሜትር ያህል ይፈጃል፤ ለ400 ሚሊ ከ2.5 ሜትር አይበልጥም። ጫፎቹ በስቴንለስ ማሰሪያ ይያዙ። ፋሻ ከተጨመረ ቱቦው በየጎኑ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ስለሚወፍር ላሜራ_ቤት 16 ሚሊ ያለው ክፍተት ወደ 13 ይወርዳል፤ ይህን ከአሁኑ አስብ።

በአሮጌ ዕቃ መካከል የሚገኘውን የአስቤስቶስ ጨርቅ ማንም አይንካ። አቧራው ካንሰር ያመጣል፤ ጭንብልም ሙሉ በሙሉ አያድንም። የሴራሚክ ጭረት ምንጣፍም ሲቆረጥ አቧራው ለሳንባ አይመችም፤ እርጥብ አድርጎ መቁረጥና ጥሩ ጭንብል ግዴታ ነው።

#14 ጠፍጣፋ_ወለል

ወደፊት ከሥር ጠፍጣፋ ወለል ለመግጠም ለምታስቡ። ጠፍጣፋ ወለል ዋሻውን ከታች ሲዘጋው የሙቀቱ ጉዳይ ሌላ ይሆናል፤ የቱቦው ሙቀት መውጫ ያጣል፤ ካምቢዮና ዲፈረንሻሉም አብረው ይሞቃሉ። ከፊት መግቢያ፣ ከኋላ መውጫ ቀዳዳ ካልተሠራለት መከላከያው ብቻውን አይበቃም። መውጫው ከመግቢያው ይስፋ።

ወለሉ ካርቦን ፋይበር ከሆነ ደግሞ በእጅ የተነጠፈ ኤፖክሲ ብዙው ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይለሰልሳል፤ የትኛው ሙጫ እንደሆነ ሳይታወቅ ቱቦ አጠገብ አይቀመጥ። አልሙኒየም ካርቦን ላይ በቀጥታ ከተጣበቀና እርጥበት ካገኘ አልሙኒየሙ ይበላል፤ በመካከላቸው አንድ ንብርብር የመስታወት ጨርቅ ይግባ። የወርቅ ቀለም ያለው ፎይል ለዚህ ቦታ ጥሩ ነው፤ ማክላረን ኤፍ1 መንገድ መኪናው የሞተር ክፍሉን በእውነተኛ ወርቅ ፎይል የሸፈነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወርቅ የሙቀት ጨረርን በደንብ ይመልሳል፣ አይዝግምም። የምንገዛው ለጣፊ ፎይል ግን ወርቃማ ፕላስቲክ ነውና ከቱቦው ይራቅ።

የፊተኛውን ጠርዝ በተመለከተ ደግሞ፦ በ200 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚመጣ አየር ፊት ለፊት የያዘውን ነገር በካሬ ሜትር ወደ 190 ኪሎ ይገፋል። ዋሻ ውስጥ የሚገባው ከዚህ ያንሳል፤ ለጠፍጣፋው ወለል ግን እውነተኛ ቁጥር ነው። ጠርዙ ታጥፎ በቅርብ ካልታሰረ ተገንጥሎ ከኋላ ለሚመጣው መኪና አደጋ ይሆናል።

#15 ባለሚያታ

ተጠቃልሎ የምገዛው ይህ ነው፦ 0.4 ስቴንለስ 450 በ400 ሚሊ፣ ጉብ ጉብ ያለ 0.5 አልሙኒየም 800 በ400፣ 16 ባለ ደረጃ ቡሽ (2 መጠባበቂያ፣ ከ14ቱ ሁለቱ ለመደራረቢያው ባለ 3 ሚሊ)፣ 16 ኤም6 ሪቬት ዳዶ፣ 16 ስቴንለስ ቡለን፣ ያንኑ ያህል ሰፊና ሞገድ ሮንዴላ፣ 20 የሙቀት ስቲከር። ቡለኑ እንዳይላላ ሰማያዊ የቡለን ማጣበቂያ እቀባዋለሁ። የጎደለ ካለ ንገሩኝ።

#16 ቶርኖ_ቤት

ሰማያዊው ማጣበቂያ ወደ 150 ዲግሪ ሲቃረብ ይለቃል፤ የኋለኞቹ ቡለኖች ላይ ይሠራ ይሆናል፣ ሄደሩ አጠገብ ግን አይቆይም። ናይለን ያለበት ዳዶም የትም ቦታ አይግባ፤ 120 ላይ ያበቃለታል። ጭንቅላቱ የተበሳ ቡለን ግዛና ሁለት ሁለቱን በ0.8 ሚሊ ስቴንለስ ሽቦ እሰር፤ ሽቦው ቡለኑን ወደ መጥበቂያው አቅጣጫ ይጎትት። ጥርሱ ላይ የኒኬል ወይም የመዳብ ቅባት ይቀባ፤ ሪቬት ዳዶው ስቴንለስ ከሆነ ያለ ቅባት ከቡለኑ ጋር ይነካከስና አንዴ ከጠበቀ አይፈታም። ዚንክ የተለበጠ የብረት ሪቬት ዳዶ ብትመርጥ ይህ ችግር ይቀንሳል፤ ከወለሉ በኩል ስለሚሆን ሙቀቱንም ይችለዋል።

#17 ቀይ_ኮን

ከመብሳትህ በፊት የምትወዳደርበትን ክፍል ደንብ አንብብ፤ ፋብሪካው ከሠራው ብዙ መቀየር የማይፈቅዱ ክፍሎች አሉ፤ ፍተሻው ላይ ከመከራከር አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ከመጀመሪያው ሩጫ በኋላም ቱቦው ሲበርድ ሥር ግባና ሁለት ነገር እይ፦ ወደ ቱቦው ባለው ፊት ላይ የተፋቀ አንጸባራቂ መስመር ካለ ቱቦው እየነካው ነው፤ በሞላላ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ጥቁር ዱቄት ካለ ደግሞ ሞገዱ ሮንዴላ ደክሟል ወይም ቡለኑ ላልቷል። ነጭ አልሙኒየም ላይ የወረደ የዘይት ጠብታም ወዲያው ይታያል፤ ጥረገው፣ ከየት እንደመጣም ፈልግ።